ስለ ነፋስ ስልክና ስለ ልጅ ደብተር

የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። በአዲስ አበባ ደቡብ ከጎተራና ከጎፋ ጀምሮ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል እስከ ጀሞና እስከ ሃና ማርያም የሚደርስ ሰፊ ቦታ ነው። ሰው ሁሉ ይህን ስም በየቀኑ ሲጠራው ይውላል እንጂ ትርጓሜውን የሚመረምር ጥቂት ነው። ነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃልን በነፋስ የሚያደርስ ስልክ ማለት ነው። ራዲዮ የሚለው የውጭ አገር ቃል ገና ባልተለመደበት ዘመን አባቶቻችን ያንን አዲስ መሣሪያ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ከጣልያን ወረራ በፊት በከተማይቱ ደቡብ በአቃቂ በኩል የራዲዮ ጣቢያ ተሠርቶ ነበር፤ በ1928 ዓመተ ምሕረት በመስከረም ወር ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊትም እቴጌ መነን የአገራቸውን ጭንቀት ለዓለም ሴቶች በራዲዮ ንግግር አሰምተዋል። ያን ጊዜ ቃል ያለ ሽቦ ባሕር ተሻግሮ መሰማቱ ለሰሚው ሁሉ ድንቅ ነበረ።

ዛሬ ግን ይህ ድንቅ ነገር በየልጁ እጅ ገብቶ የዘወትር ዕቃ ሆኗል። እኛም በዚሁ በነፋስ ስልክ ምድር ተቀምጠን በነፋስ ስልክ ለማስተማር የተገደድንበት ጊዜ ስለ ነበረ፥ ያን ጊዜ የደረሰብንን፥ ያጠፋነውንና የተማርነውን ለልጆች አሳዳጊዎችና በትምህርት ሥራ ላይ ለተሾሙ ሹማምንት ልንገልጽ እንወዳለን። ነገሩ ከአንድ አስተማሪ ቤት የወጣ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ልጅ ላለው ሰው ሁሉ የሚነካ ይመስለናል።

እኛ ሒሳብ በማስተማር አርባ ዓመት ያህል የኖርን ሰው ነን። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓመተ ምሕረት በተጀመረ ጊዜ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበርን። ወደ ገጠር ተልከን ከእርሻ የተመለሱትን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በኩራዝ ብርሃን ፊደል አስቈጠርን። ጠመኔ ያለቀ እንደ ሆነ በከሰል እንጽፍ ነበር፤ ሰሌዳውም የተጠረበ ሳንቃ ነበረ። ዳሩ ግን ከዚህ ሁሉ ችግር ጋር አንድ ነገር አልጐደለብንም፤ ይኸውም ከፊታችን የተቀመጡትን ሰዎች ዓይን ማየት ነው። አንድ ሽማግሌ ፊደሉን ሳይለዩ የለዩ መስለው ራሳቸውን ቢነቀንቁ ዓይናቸው እውነቱን ይነግረን ነበር፤ እኛም እንዳያፍሩ ብለን ወደ ጎረቤታቸው የዞርን መስለን ያንኑ ፊደል ደግመን እናነበው ነበር። የመምህርነትን ሥራ የተማርነው በኋላ በገባንበት በመምህራን ማሠልጠኛ ብቻ ሳይሆን በዚያ ኩራዝ ሥር እንደ ሆነ አሁን ይገባናል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ በ1997 ዓመተ ምሕረት ገደማ፥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስናስተምር፥ ፕላዝማ የሚባለው ትልቅ ቴሌቪዥን በየክፍሉ ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት እየመጣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይሰጥ ነበር። ከአንድ ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ ያህሉ የፕላዝማው ሲሆን ለእኛ የሚተርፈን በመጀመሪያ ትምህርቱን ለማስተዋወቅ፥ በመጨረሻም ለማጠቃለል የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረ። እውነቱን ለመናገር መሣሪያው ጥቅም ነበረው። የሳይንስ ቤተ ሙከራ በሌለበት አገር ተቀምጦ የነበረ ልጅ ሙከራውን በዓይኑ አይቷል። ነገር ግን በፕላዝማው ውስጥ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሴኮንድ ይታገሣል፤ መልስ ቢኖርም ባይኖርም «በጣም ጥሩ» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ልጆቹ በዚህ ይስቁ ነበር፤ እኛም በግድግዳ ጥግ ቆመን አብረናቸው ሳቅን። እኛው ራሳችን አንድ ቀን እንደዚያ ሰው እንደምንሆን ያን ጊዜ አላሰብነውም።

በ2010 ዓመተ ምሕረት ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ተሰናብተን፥ ቤት መዋሉን አልችል ስላልን በሰፈራችን በሚገኝ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ሆነን ገባን። በዚያ ሁለተኛው ዓመታችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓመተ ምሕረት የኮሮና በሽታ በአገራችን መጀመሪያ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። በመላው ኢትዮጵያ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ተለዩ። መንግሥት በራዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት እንዲተላለፍ አደረገ፤ የግል ትምህርት ቤቶችም አብዛኞቹ በቴሌግራም ማስተማር ጀመሩ።

ቴሌግራም ሲባል እኛ በልጅነታችን የምናውቀው ሰው ሲሞት ወይም ሲታመም በሽቦ የሚላከውን፥ በቃል ቍጥር የሚከፈልበትን አጭር መልእክት ነበረ። እርሱ በመጣ ቀን ቤቱ ሁሉ ይደነግጥ ነበር። አሁን ግን በዚያ ስም ሒሳብ ልናስተምርበት ሆነ። አሠራሩን ያስተማረችን የ13 ዓመት የልጅ ልጃችን ናት። «አባባ፥ ይህን ምልክት ጣትዎን ጭነው ሲይዙት ድምፅዎ ይቀረጻል፤ ጣትዎን ያነሡት እንደ ሆነ ግን ይሄዳል» አለችን። እኛም «ይሄዳል» ማለቷ ይጠፋል ማለት መስሎን፥ የመጀመሪያውን ትምህርት ተናግረን ከጨረስን በኋላ ጣታችንን ሳናነሣ ወደ ጓዳ ዞር ብለን «ቡናው ደረሰ ወይ?» ብለን ጮኽን። ይህ ጥያቄ ከክፍልፋይ ትምህርት ጋር ወደ 43 ተማሪዎች ቤት ደረሰ። በማግስቱ አንድ የተማሪ አባት «መምህር፥ ቡናው ደረሰ?» ብለው ጻፉልን። ባለቤታችን ይህን ሰምተው ለብዙ ቀን ሳቁብን።

ባለቤታችን የተናገሩት ሌላ ቃል ግን በልባችን ቀረ። በየጧቱ ፊታችንን ታጥበን፥ ኮታችንን ለብሰን፥ ከሳሎኑ ግድግዳ ፊት ተቀምጠን ስንናገር አይተው፥ «ዛሬስ ግድግዳው ገባው?» አሉን። ቀልድ ነው፤ ዳሩ ግን የምናስተምረው ሰው በፊታችን ስላልነበረ እውነት ነበረ። «ገባችሁ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ጥቂት እንቈያለን፤ ከዚያ በኋላ «መልካም» ብለን እናልፋለን። ያ የሳቅንበት የፕላዝማው አስተማሪ በእኛ ወንበር ተቀምጦ ነበር።

በዚህ ጊዜ ያገኘነው አንድ ትርፍ ግን ጽሕፈት ነው። በክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያስተምር ሰው ግማሹን ነገር በቃል፥ ግማሹን በእጅና በጠመኔ ይፈጽመዋል፤ ቃሉ ቢጎድል ልጆቹ ከፊቱ ያነቡታል። በጽሑፍ የሚያስተምር ሰው ግን ቃሉ ምሉእ ሊሆን ይገባዋል። ስለዚህ በየሌሊቱ የነገውን ትምህርት በወረቀት እየጻፍን፥ ያልጠራውን እየሠረዝን፥ አንድ ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲፈጸም እየደከምን ማምሸት ጀመርን። አርባ ዓመት ስናስተምረው የኖርነውን ነገር እኛ ራሳችን በግልጽ እንዳላወቅነው ያወቅነው በዚህ ጊዜ ነው። ክፍልፋይ ለምን ታችኛው ቍጥሩ አንድ ካልሆነ አይደመርም? በቃል ሺህ ጊዜ ተናግረነዋል፤ በጽሑፍ ሦስት መስመር አድርገን ለማስረዳት ግን ሁለት ሌሊት ፈጀብን። በመጨረሻም ስለ ደከመን ደንቡንና ጥያቄዎቹን ጽፈን፥ ምክንያቱን በድምፅ ተናግረን ላክን። ይህ ትንሽ ስንፍና በኋላ ምን እንዳመጣ እንናገራለን።

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ይህ ተረት ለመልካሙ ቃል ብቻ እንዳይደለ ለክፉውም እንደ ሆነ የተማርነው በግንቦት ወር ነው። ከ43ቱ ተማሪዎች 11ዱ የቤት ሥራ መላክ ትተው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ቀድሞ በክፍል ውስጥ ከፊት የሚቀመጥ፥ ትጉህና ዝምተኛ ልጅ ነበረ። ከሦስት ሳምንት ዝምታ በኋላ አንድ ማታ ተቈጥተን ወላጆች ሁሉ በሚያነቡበት ማኅበር ላይ የልጁን ስም ጠርተን፥ «አንድም የቤት ሥራ አላቀረበም፤ ወላጅ ለልጁ ካላሰበ አስተማሪ ብቻውን ምን ያደርጋል?» ብለን ጻፍን። ይህን ቃል በክፍል በር ላይ ለአባቱ ብቻ ብንናገረው በዚያው ተነጋግረን እንታረቅ ነበር። ነገር ግን 43 ቤት አነበበው። በማግስቱ ጧት የልጁ አባት ከማኅበሩ መውጣታቸውን መሣሪያው በአንድ አጭር መስመር ነገረን። እኛም «እንግዲህ ግድ የላቸውም» ብለን ነገሩን ተውነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የጽሑፍ ወለምታ ደግሞ የባሰ ነው፤ ተመልሶ በሚያነበው ሰው ፊት ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይናገራልና።

በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓመተ ምሕረት በአገራችን ከደረሰው ሐዘንና ሁከት የተነሣ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። ያ ሁሉ ድምፅና ጽሑፍ የሚመላለስበት ነፋስ በአንድ ሌሊት ጸጥ አለ። ልጆቹ ለክረምት የሚሠሩት የማካካሻ ጥያቄ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የሚላክበት መንገድ ግን አልነበረም። መንገዱ ጸጥ ባለ ጊዜ፥ በሐምሌ፥ ጥያቄዎቹን በወረቀት አባዝተን፥ ጃንጥላችንን ይዘን፥ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን የልጆቹን ቤት በእግራችን ልንዞር ተነሣን። ሌሎቹ ወረቀቱን ከትምህርት ቤቱ በር ሊወስዱ ይችሉ ስለ ነበረ አስቀድመን ወደ 11ዱ ዝምተኞች ቤት ሄድን።

ያ የወቀስነው ልጅ ቤት ከመካኒሳ በታች በአንድ ጭቃ በበዛበት ጠባብ መንገድ ውስጥ ነበረ። እናቱ ከሩቅ አውቀውን ደነገጡ፤ ነገር ግን ወዲያው ጎንበስ ብለው «መምህር፥ ይግቡ እንጂ፤ እንዴት በዝናብ በደጅ ይቆማሉ!» አሉን። እኛም «በዚህ ዘመን ደጅ ይሻላል፤ እርስዎም አይቅረቡን» ብለን በደፉ ላይ በተሰጠን በርጩማ ተቀመጥን። እርሳቸው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀው ቆሙ። ልጁ ከእናቱ ጀርባ ነበረ፤ ቀና ብሎ አላየንም።

እናቱ እንዲህ ብለው ነገሩን፤ «በቤታችን ያለው ስልክ የአባቱ ነው። እርሱ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ይወጣል፤ ማታ ሦስት ሰዓት ይገባል። ታክሲ እኩሌታውን ሰው ብቻ ይጫን ከተባለ ወዲህ፥ ሰዉም ከቤቱ ስለማይወጣ፥ ሥራው ቀዝቅዟል። ልጁ ሳይተኛ ይጠብቀዋል። አባቱ ሲተኛ ስልኩን ወስዶ እርስዎ የጻፉትን በደብተሩ ይገለብጣል። የስልኩ ካሜራ ተሰብሯል፤ ስለዚህ የሠራውን አንሥቶ ሊልክልዎ አልቻለም። ያን ቃል ከጻፉ በኋላ አባቱ አፈረና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ከራዲዮ የሰማውን ይጽፋል።»

ይህን ሲናገሩ በድምፃቸው ውስጥ ቍጣ አልነበረም። ቢቈጡብን ይሻለን ነበር። ልጁ ተልኮ ደብተሩን አመጣ፤ በበርጩማችን አጠገብ አስቀምጦልን ወደ ቦታው ተመለሰ። ደብተሩን ገለጥን። በየገጹ ራስ ቀኑ ተጽፎ ነበር። እኛ ከላክነው ጥያቄ አባቱ ከማኅበሩ እስከ ወጡበት ቀን ድረስ አንድም አልቀረም፤ ሁሉንም በጥሩ ጽሕፈት ሠርቶታል። ስንፍና ብለን የጻፍንበት ሦስት ሳምንት በሙሉ በዚያ ደብተር ላይ ነበረ።

ነገር ግን ገጹን እያገላበጥን ስንሄድ ሁለተኛ ሐዘን አገኘን። ስለ ክፍልፋይ ድምር በጻፈበት በአራቱ ገጽ ሁሉ ልጁ የላይኛውን ከላይኛው፥ የታችኛውን ከታችኛው ደምሮ ነበር። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ሁለት አምስተኛ ይሆናል ይላል። አራት ገጽ ሙሉ፥ በንጹሕ ጽሕፈት፥ በትጋት የተሠራ ስሕተት። «ልጄ፥ ምክንያቱን በድምፅ ልኬ ነበር፤ አልሰማኸውም?» ብለን ጠየቅነው። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ተናገረ፤ «ሌሊት ነው የምከፍተው። አባባና ሕፃኗ ተኝተዋል። ድምፅ ከሰሙ ይነቃሉ» አለን።

እነሆ፥ በሁለት ሌሊት ደክመን ለመጻፍ የሰነፍንበት ሦስት መስመር በዚህ ቤት ሳይደርስ ቀርቷል። ድምፃችን በነፋስ ሄዶ እዚያው ስልክ ውስጥ ነበረ፤ ከልጁ ጆሮ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ሳይሰማ ቀረ። ልጁም ጠይቆ የሚያርመው ሰው ስለ ሌለው ስሕተቱን እየደጋገመ አጠናው። በክፍል ውስጥ ሆኖ ቢሆን በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ትከሻውን መታ አድርገን ባስቆምነው ነበር።

ከበርጩማው ተነሥተን በጃንጥላችን ጫፍ በእርጥቡ መሬት ላይ አንድ ረጅም መደብ ሣልን። «ይህ መሬት ነው። ለስድስት እኩል ከፍዬዋለሁ። ለእናትህ እኩሌታውን ስጥ፤ ስንት መደብ ነው?» አልነው። «ሦስት» አለ። «ለእኔ ደግሞ ሲሶውን ስጠኝ።» ቈጠረና «ሁለት» አለ። «በአንድነት ስንት ሄደ?» «አምስት፤ ከስድስት አምስት።» «አንተ በደብተርህ ሁለት አምስተኛ ብለሃል። ሁለት አምስተኛ ከእኩሌታ ያንሳል። በእኩሌታ ላይ ሲሶ ጨምረህ ከእኩሌታ ያነሰ ሊሆን ይችላልን?» ልጁ መሬቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ዝናቡ መስመሩን ሊያጠፋው ሲጀምር በእግሩ ጣት መልሶ አሰመረው። ከዚያ በኋላ «እንግዲያው አራቱም ገጽ ስሕተት ነው?» አለን። «ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ድካሙ ግን የአንተ ነው፤ ድካምህም ከንቱ አይሆንም» አልነው። እርሱም ብዙ አልተናገረም። ደብተሩን አንሥቶ ንጹሕ ገጽ ገለጠና በራሱ ላይ የዚያን ቀን ቀን ጻፈ።

በሚመጣው እሑድ አባቱ በቤት በሚውሉበት ሰዓት ተመልሰን ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም «መምህር፥ ይቅር ለእግዚአብሔር። ብቻ የስልኩንና የቤቱን ነገር በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አይጻፉብኝ» አሉን። ኢንተርኔት በተመለሰ ጊዜ፥ ያዋረድናቸው በሸንጎ ፊት እንደ ሆነ ይቅርታውንም በሸንጎ ፊት ማድረግ ይገባናል ብለን፥ በዚያው ማኅበር ላይ «ስለ አንድ ተማሪ የጻፍነው ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል፤ ልጁ የቤት ሥራውን ሁሉ ሠርቷል፤ ጥፋቱ ሳይጠይቅ የፈረደው የአስተማሪው ነው» ብለን ጻፍን። ምክንያቱን አልጻፍንም። አባትየውም በማግስቱ ወደ ማኅበሩ ተመለሱ። ከሌሎቹ ዐሥር ቤቶች የሰባቱ ነገር ከዚህ ቤት ጋር የሚመሳሰል እንደ ነበረ ዙረን አይተናል፤ እኛ ግን ከሳሎናችን ሆነን ሁሉንም በአንድ ቃል ሰነፎች ብለናቸው ነበር።

በ2013 ዓመተ ምሕረት በጥቅምትና በኅዳር ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ በተከፈቱ ጊዜ ልጆቹ በፈረቃ ተከፍለው፥ ተራርቀው፥ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ገቡ። ከፊታቸው የሚታየን ዓይናቸው ብቻ ነበረ። አንዳንድ ባልንጀሮቻችን የልጅ ፊት ሳይታይ እንዴት ይሠራል ብለው ተጨነቁ። እኛ ግን ያን የ1971ን ኩራዝ አስታወስን። ያልገባው ልጅ ዓይን ከጨርቁ በላይ ሆኖ ይናገር ነበር።

አሁን ከትምህርት ቤት ወጥተን ቤታችን ተቀምጠናል፤ ነገር ግን በነፋስ ስልክ ማስተማሩን አልተውንም። በአሜሪካ በዋሽንግተን የሚኖሩ የዘመዳችን ሦስት ልጆች አሉ፤ አማርኛ ይሰማሉ፥ ማንበብ ግን አይችሉም። በየቅዳሜው እኛ ዘንድ ሊመሽ ሲል እነርሱ ዘንድ ገና ረፋድ ነው፤ በዚያ ሰዓት በስልክ እየተያየን ፊደል እናስቈጥራቸዋለን። በመጀመሪያው ቀን ፊደሉን በትልቅ ወረቀት ጽፈን ብናነሣው በእኛ መስኮት ላይ ተገልብጦ ስለ ታየን፥ ተሳስተን መስሎን ወረቀቱን ጥለን በተቃራኒው ጻፍነው። ልጆቹም «አባባ፥ የመጀመሪያው ነበር ልክ!» ብለው ሳቁብን። ለካ መሣሪያው ለራሳችን ብቻ እንደ መስተዋት ገልብጦ ያሳየናል። እኛም ከዚህ በኋላ ነገር ተገልብጦ የታየን እንደ ሆነ ከመፍረዳችን በፊት በወዲያ በኩል ያለውን ሰው መጠየቅ ልማድ አድርገናል። ትምህርቱን ከመጀመራችን በፊትም «ምን በላችሁ? ማን ቤት አለ? ድምፄ ይሰማችኋል?» እንላለን። ይህ ወሬ አይደለም፤ ከክፍል በር ላይ ቆሞ ልጆችን እንደ መቀበል ያለ ነው።

እንግዲህ ይህን የጻፍነው በነፋስ የሚሄደውን ትምህርት ለመንቀፍ አይደለም። በሽታ በመጣ ጊዜ ያለ እርሱ ልጆቻችን ምንም ባልቀረላቸው ነበር፤ ባሕር ማዶ ላሉትም ልጆች ፊደላችንን የሚያደርስላቸው እርሱ ነው። ነገር ግን ከሥራችን ያየነውን አራት ነገር ለአንባቢዎቻችን እንመክራለን። አንደኛ፥ አስተማሪ በስልክ ከማስተማሩ በፊት በየቤቱ ያለው ስልክ የማን እንደ ሆነና በስንት ሰዓት በልጁ እጅ እንደሚገባ ይጠይቅ። ሁለተኛ፥ ዋናው ነገር ሁሉ በድምፅ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም ይላክ፤ ድምፅ የማይከፈትበት ቤት ብዙ ነውና። ሦስተኛ፥ ወላጆች ስልክ ቢቸግራቸው ደብተሩን ለአስተማሪው በሰው እጅ ይላኩ፤ ድህነት ነውር አይደለም፤ አስተማሪውም ስለ ልጅ ወቀሳ በሸንጎ አይጻፍ። አራተኛ፥ በትምህርት ሥራ ላይ የተሾሙ ሰዎች ትምህርት በሬዲዮም ሆነ በስልክ ተሠራጨ የሚል ወረቀት ሲቀርብላቸው ስንት ደብተር ታረመ ብለው ይጠይቁ። የተላከው ትምህርት ብዛት የሚታወቀው በመሣሪያው ነው፤ የገባው ትምህርት ግን የሚታወቀው በደብተሩ ነው።

ያን ልጅ በ2017 ዓመተ ምሕረት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ ከጎፋ ወደ መካኒሳ በሚወስደው መንገድ ላይ አገኘነው። ቁመቱ በልጦናል። እጃችንን ሳይለቅ ስለ አባቱና ስለ እናቱ ደኅንነት ነገረን። ያን ጊዜ ተኝታ የነበረችው ሕፃን እኅቱ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ማታ ማታ የሚያስጠናት እርሱ ነው። «በስልክ ነው ወይስ በደብተር?» ብለን ቀለድንበት። እርሱም ሳቀና «በሁለቱም ነው፤ ካልገባት ግን ደጅ አውጥቼ መሬት ላይ እሥልላታለሁ» አለን።